ወንበር የሌለው አናጺ

አንጁሎ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው የለም። እንግዳ ስለማይወድ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣማ የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያጣል። መቀመጫ ስለሌለው ነው። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ከተደረደሩት እንጨት ሥራ ቤቶች ሁሉ ወንበር አሳምሮ በመሥራት የሚስተካከለው የለም፤ የራሱ ቤት ሲገባ ግን ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። እኔም አጠገቡ እቆማለሁ። እንዲህ ቆመን ያወራነው ወሬ ቢለካ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

ስሜ አማረ ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ። መንግሥት ለሁለት ዓመት ብሎ ሶዶ መድቦኝ አሥራ አራት ዓመት ረስቶኛል። ከአንጁሎ ጋር እኩያዎች ነን፤ የሚለየን አንድ አጥር ነው፣ አጥሩንም የሠራው እሱ ነው። ቢሮ ውስጥ የምጽፈው «ጉዳዩ» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ብቻ ስለሆነ ይህን ስጽፍ አንዳንድ ቦታ ተቆጥቼ ብገኝ አይገርማችሁ። የአንጁሎ ጎረቤት ሆኖ የማይቆጣ ሰው ካለ አምጡልኝና ልየው።

አንጁሎ ዕቃ ሲሸጥ ገዢውን ቃል ያስገባል። ዕቃው ሲሰለችህ ወይም ሲያረጅብህ አትጥለውም፣ አታነደውም፣ ለቆራሌውም አትሰጠውም፤ ለእኔ ትመልሳለህ፣ እኔ ሌላ ነገር አድርጌ እሰጥሃለሁ ይላል። የመለሰ ሰው ደግሞ ከቆጨው እስከ አንድ ወር ድረስ መጥቶ «የቀድሞውን አምጣ» ማለት ይችላል። ሚስማር አይጠቀምም። ሚስማር ያለበት ዕቃ ሲፈርስ ይሰበራል፣ በሽብልቅ የተያያዘ ግን ይፈታል ይላል። ዛፍ የሚቆረጠው አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስም መቀየር ነው፤ የሰውየው ሃይማኖት ይህ ነው፣ እሑድ ከሚሄድበት ሌላ።

እኔ የምተኛበት አልጋ ቀድሞ የአንድ ጸሎት ቤት አግዳሚ ነበር። ራስጌው ላይ «እባክዎ ልጆችዎን ይያዙ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ባለቤቴ ወርቅውሃ ላጥፋው ብላ በቢላ ስትፍቅ ቀለሙ ይባስ ደምቆ ወጣ። በዚህ አልጋ ላይ ጎኔ እንዳረፈ እንቅልፍ ይዞኝ እልም ይላል። ለአንጁሎ ብነግረው ምንም አልገረመውም፤ ስብከት ላይ የኖረ እንጨት እኮ ነው፣ ሰው ማስተኛት ለምዷል አለኝ።

ወላይታ ሰው ከሰው ጋር ሲተዋወቅ ጎሳ ይጠይቃል። አንጁሎ ጣውላም ይጠይቃል። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ እኛ ቤት ተጋብዞ ወርቅውሃ ቆጮውን ከነዳታ በርበሬው ስታቀርብለት እሱ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ነበር። ይህች እግር የአንድ ሻይ ቤት በር ነበረች፣ ከዚያ በፊት የሰሌዳ ፍሬም፣ ከዚያ በፊት ዋንዛ፣ ዋንዛውም የዳሞት ተራራ ግርጌ ልጅ ነው ብሎ ዘር እየቆጠረ ቆጮው ቀዘቀዘ። ወርቅውሃ ከዚያ ቀን ወዲህ ጠረጴዛውን በጨርቅ ሸፍና ነው የምታቀርብለት።

ነገሩ የጀመረው በወጣትነቱ ነው። የጉኑኖ ልጅ ነው፤ በአሥራ ስምንት ዓመቱ ጣውላ መሰንጠቂያ ገብቶ ግንድ ይሸከም ነበር። ከአንድ ግንድ ግማሹ ወደ ሰጋቱራና ወደ ማገዶ ሲሄድ አይቶ ምግብ አልበላ አለ። ቀጥሎም ሰጋቱራውን በጆንያ እየሞላ ወደ ቤቱ ማጓጓዝ ጀመረ። ምን ሊያደርግበት እንደሆነ አያውቅም፤ ብቻ መጣል አቃተው። ጆንያዎቹ ዛሬም አሉ። አስናቀችን ሲያገባ እሷ የመጣችው ከአንድ ሻንጣ ልብስ ጋር ነው፣ እሱ የጠበቃት ከሃያ ጆንያ ሰጋቱራ ጋር።

አንድ ዓመት ሰጋቱራውን በቡላ አቡክቶ፣ በድንጋይ ተጭኖ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ በርጩማ ሠራ። ቡላው አስናቀች ለእንግዳ ያስቀመጠችው ነበር። እውነቱን ለመናገር በርጩማው ድንጋይ ነው የመሰለው፤ እኔ ራሴ ቆሜበታለሁ። በማግሥቱ የጎረቤት ፍየል ገብታ ሁለቱን እግሮች በላቻቸው፣ ሦስተኛውንም ጀምራዋለች። አስናቀች አለቀሰች፣ እኔ ሳቅኩ፤ አንጁሎ ግን ፍየሏን በአድናቆት እያየ ምንም አልባከነም አለ።

አስናቀች መምህርት ናት፣ የዋህም ብልህም ሴት። በሠርጓ ማግሥት አራት ወንበር ሊሠራላት ቃል ገባ። ሠራም። አሥራ አንድ ጊዜ ሠራ። ግን ወንበሮቹ ገና ሳይሞቁ አንድ ሰው እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ይዞ ይመጣል፣ ወይም አንዲት እናት ለልጇ አልጋ ትፈልጋለች፤ ሌላ ዛፍ ከሚቆረጥማ ብሎ ወንበሮቹን ይፈታቸዋል። ሃያ ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። አስናቀች ሥራ የምሄደው መምህራን ክፍል ውስጥ ለመቀመጥ ነው ትላለች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም የምናዝንላት ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ማክዳ፤ ጤና ጣቢያ የላብራቶሪ ባለሙያ ናት። በዴሳ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ የሚያስተምር ሚልክያስ የሚባል ልጅ አለ። መዘምራን ውስጥ ተዋውቀው አራት ዓመት ተዋደዱ። አራት ዓመት የቆየው በእነሱ ጥፋት አይደለም። ሚልክያስን ያሳደጉት አጎቱ አቶ ቦልቴ ናቸው፤ በዴሳ ገበያ ላይ የታወቁ የእህል ነጋዴ፣ በቁመትም በወርድም ሙሉ ሰው። አቶ ቦልቴ ለልጁ ሌላ ሙሽራ አስበው ነበር። ልጁ አሻፈረኝ ስላለ በስንት ልመና ሽማግሌ ሆነው ሊመጡ ተስማሙ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተባለ።

ሐሙስ ዕለት ማክዳ አጥሩ ጋ መጥታ አናገረችኝ። እንዲህ ስትጨነቅ አይቻት አላውቅም።

«ጋሽ አማረ፣ አቶ ቦልቴ አንድ ምክንያት ነው የሚፈልጉት። አንድ ነገር ከጎደለ ተነስተው ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ደግሞ አይመለሱም። ሚልክያስ ያለ እሳቸው ፈቃድ አያገባኝም፣ አሳዳጊው ናቸው። እባክዎ አባዬን ይጠብቁልኝ።»

የፈራችው ወንበር ነው። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፤ የልጅቷ አባት «ተቀመጡ» ካላለው አይቀመጥም። «ተቀመጡ» ከተባለ ነገሩ ግማሹ አልቋል። ካልተባለ ደግሞ ኮፍያውን አድርጎ ይሄዳል። ታዲያ አንጁሎ «ተቀመጡ» ሲል በምን ላይ ሊያስቀምጣቸው ነው?

እርግጥ አስናቀች ከሳምንት በፊት አንቃ ይዛው ነበር። ስድስት ወንበር ካልሠራህ እኔም ከልጄ ጋር እዳራለሁ አለችው። ሰውየው ደነገጠና ሠራ። እንጨቱን ያገኘው ከቦሼ አልጋ ነው። ቦሼ ከታች ሰፈር ያለች ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን ናት፤ ልጇ ምሕረት አግብታ ሐዋሳ ስለሄደች የልጅቷ አልጋ ቦታ ያዘብኝ ብላ ከሦስት ሳምንት በፊት መልሳለታለች። ዓርብ ማታ ሄጄ አየኋቸው። ስድስት ወንበሮች፣ መደገፊያቸው ጎበጥ ያለ፣ እጅ ሲነካቸው የሚያሙለጨልጩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአንጁሎ ቤት እንደ ሰው ተቀመጥኩ ልል ስል አስናቀች ጨርቅ ጣል አደረገችባቸውና ለእንግዳ ነው ብላ ከለከለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቦሼ መጣች። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ ጠብቅ ተብዬ የለ።

«አንጁሎ፣ ሳሮ ነው? ደህና ነህ? አልጋዬን ፈልጌ ነበር» አለች፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም። «ምሕረት ማታ መጥቷል እኮ። ሆዱ እዚህ ደርሷል። የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ እኔ ጋ ነው የሚወልደው። መሬት ተኝቶ አደረ። ወር አልሞላኝም አይደል?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ቀን ነበር። አንጁሎን እጁን ይዤ ወደ ጓሮ አወጣሁትና ሰው ሆይ ዋሽ አልኩት። ተሸጧል በል፣ ተቃጥሏል በል፣ ሰኞ ነይ በል። እሱ ደግሞ ያንን የሕፃን ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። እርጉዝ ሴት መሬት ተኝታ እኔ ወንበር ላይ ሽማግሌ ላስቀምጥ? ቃሌስ? አለኝ። አስናቀች ቤት ብትኖር ሌላ ነገር ነበር፤ እሷ ግን ማክዳን ይዛ ለእንግዶቹ ሥጋ ልትገዛ ገበያ ወጥታለች።

ወንበሮቹን ገለበጣቸው። በእንጨት መዶሻ ሽብልቁን ቀስ እያለ ሲነካው እግሩ ከወገቡ፣ ወገቡ ከጀርባው ይላቀቃል። እኔ ጥፍሬን እየበላሁ ቆሜ እሱ ሥራው ጣፍጦት ያፏጫል። ስድስቱ ወንበር አልጋ ሲሆን ሰዓትህን እይ አለኝ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። አንዲት ቁራጭ አልተረፈችም፣ አንዲት ቁራጭ አልጎደለችም። ኩራቱን ብታዩት! ልጁን ሊድር ነው ወይስ መዝገብ ሊሰብር ነው? አልጋውን ይዘን ቦሼ ቤት ያደረስነውም እኔና እሱ ነን። ስለዚህ ጥፋቱ ላይ እኔም እጄ አለበት፣ ትከሻዬም።

አስናቀች ተመልሳ ባዶውን ክፍል አየች። ያለችውን አልጽፍም፤ መምህርት ናት፣ ተማሪዎቿ ያነቡት ይሆናል። ማክዳ የገዛችውን ሥጋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

የኔ ቤት ወንበሮችስ እንዳትሉኝ። የኔ ቤት ወንበሮች አንጁሎ ጋ ናቸው፤ መደርደሪያ እየሆኑ ነው። በቀኝ ያለው ጎረቤትም እንደዚያው፤ ሰፈሩ ግማሹ ወንበሩን አስረክቦ በተስፋ የሚኖር ሕዝብ ነው። የዕድሩ ወንበሮች ያሉበትን ክፍል ቁልፍ የሚይዘው አቤ ነው፤ አቤ ደግሞ አረካ ሄዷል። ስደውልለት መንገድ ላይ ነኝ፣ አራት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ አለ። እፎይ አልን። እፎይታው አንድ ሩብ ሰዓት ቆየ። የበዴሳ ሚኒባስ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቶሎ ሞልቶ ኖሮ ሽማግሌዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሦስት ናቸው። አቶ ቦልቴ በጋቢ ሆነው በሩን ሞልተው ገቡ። ከኋላቸው አቶ ሻንቆ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በብብታቸው የያዙ፣ ከመጽሐፉ ብዙም የማይወፍሩ ሰው። ሦስተኛው ስሙን ሳይናገር መጥቶ ስሙን ሳይናገር የሄደ ሰው ነው። እናትና ልጅ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ገቡ። አንጁሎ በአንድ በኩል፣ እኔ በአጠገቡ፣ ሦስቱ ፊት ለፊታችን ቆምን።

አቶ ሻንቆ ጸለዩ። አቶ ቦልቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሲሆን ልጅ ልንሆናችሁ፣ ካልሆነም ወዳጅ ልንሆን መጣን ብለው በወጉ ተናገሩ፤ ጎሳ ተጠያየቁ፣ የሚከለክል ዝምድና አልተገኘም። አሁን ቃሉ የአንጁሎ ነው። አንጁሎ አፉን ከፈተ፣ ክፍሉን ዞር ብሎ አየ፣ አፉን ዘጋ። ሰውየው የማይዋሸው እስከ እብደት ድረስ ነው፤ መቀመጫ በሌለበት «ተቀመጡ» ማለት ውሸት መሰለው። እንደገና ከፈተ። የአቶ ቦልቴን ምርኩዝ ትክ ብሎ አየና ይህ ወይራ ነው፣ ከየት ነው የመጣው ብሎ ጠየቀ።

አቶ ቦልቴ ከገበያ አሉ። ስም የለሹ ሰው ክብደቱን ከግራ እግሩ ወደ ቀኝ አዛወረ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆመናል። አቶ ሻንቆ በዓይናቸው መቀመጫ ይፈልጋሉ። ለማክዳ አባቷን እጠብቃለሁ ብዬ ቃል ገብቼ የለ? ነገሩን ላስረዳ ብዬ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣሁና «ይቅርታ አድርጉልን፣ ወንበሮቹ ዛሬ ጠዋት አልጋ ሆነው ሄዱ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ስድስት ዓይን ወደ እኔ ዞረ። አቶ ቦልቴ ፊታቸው ቀስ እያለ ጠቆረ።

«አናጺ ቤት ወንበር ይጠፋል?» አሉ። «የመንገዱን ዳር ሁሉ ወንበር የሚያስቀምጥ ሰው፣ እኛ ስንመጣ ደበቀ። መልሱ ገብቶናል። እንዲህ ከምታቆሙን እምቢ ብትሉን ይሻል ነበር።»

ኮፍያቸውን አደረጉ። እውነት ለመናገር ትንሽ ደስ ያላቸውም መሰለኝ፤ የፈለጉት ምክንያት ተገኝቷል። ከመጋረጃው ጀርባ አንዲት አጭር ሳግ ተሰማች፣ የማክዳ ናት። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ምላሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

አንጁሎ ግን ሳጓን ሲሰማ እንደ ነቃ ሰው ሆነ። ሽማግሌዎቹን ቀድሞ ሮጦ በሩ ላይ ቆመ። አቶ ቦልቴ ሊደባደብ መስሏቸው ምርኩዛቸውን አጠበቁ። እሱ ግን ዞሮ በሩን ራሱን አቀፈው፤ ከላይና ከታች በእንጨት መዞሪያ የቆመ በር ስለሆነ ወደ ላይ ሲያነሳው ከነሙሉ አካሉ ወጣ። በሩን ተሸክሞ ገባ። ተከትለውት ሦስት ዶሮዎች ገቡ። ሁለት የሰጋቱራ ጆንያ እየጎተተ ክፍሉ መሐል ላይ ጎን ለጎን አጋደመ፣ በሩን ሁለቱ ጫፎቹ አየር ላይ እንደቀሩ በላያቸው ዘረጋ፣ በእጅጌው ጠረገው።

«ተቀመጡ» አለ።

አቶ ቦልቴ በሩን አዩ፣ ባዶውን መግቢያ አዩ። መንገደኛ ሁሉ ወደ ውስጥ ያያል፤ አንዲት ጎመን ሻጭ ቆማ ምን እየተደረገ እንደሆነ ትጠይቃለች።

«ታዲያ ቤትህ በምን ይዘጋል?» አሉት።

«ለእናንተ አይዘጋም» አለ አንጁሎ።

አቶ ቦልቴ «ሎኦ» አሉ፣ ደግ ነው ማለታቸው ነው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በበሩ ቀኝ ጫፍ ቁጭ አሉ። አቶ ሻንቆ ቀደም ብለው በግራው ጫፍ ተቀምጠው ስለነበር በቀስታ፣ በክብር፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን እንደያዙ ወደ ላይ ወጡ። እግራቸው መሬት ለቀቀ። ስም የለሹ ሰው መሐል ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሁለቱንም ያዘ። ማንም አልሳቀም፤ እኔ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ ነው።

«እንግዲህ ቃልህን እንስማ» አሉ አቶ ቦልቴ ከታች።

ይሄኔ ነው አንጁሎ የተሸነፈው። ሳያስበው የቆየውን ነገር አሁን አሰበው። ጢሙ ላይ ሰጋቱራ አለ፣ እንባው ሰጋቱራውን ያርሰዋል።

«አቶ ቦልቴ፣ እኔ ሰው ዕቃ ሲወስድ ‹ሲሰለችህ መልስልኝ› ብዬ ነው የምሰጠው» አለ። «ለሁሉም እንደዚያ ነው። ይህችን ምን ብዬ ልስጥ? አላውቅበትም።»

አፉን ሸፍኖ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አቶ ቦልቴ አቀርቅረው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ልጅ አሳድገዋልና ገብቷቸዋል። ግን ቃል ያስፈልጋል፤ ያለ ቃል ደግሞ ሽማግሌ አይነሳም። አቶ ሻንቆ ከላይ ሆነው በለሰለሰ ድምፅ እባካችሁ ወንድሞች፣ መልሱ ቶሎ ይሰጠን፣ እኔ ከፍታ አልወድም አሉ።

መጋረጃው ተገለጠ። በእኛ አካባቢ እናት በሽማግሌ መሐል ቀድማ አትናገርም፣ ከሽማግሌ ጎንም አትቀመጥም። አስናቀች ቀሚሷን ጎተት አድርጋ ወጣች፣ ባሏን በአጠገቡ ስታልፍ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው፣ ወደ ግራው ጫፍ ሄዳ ከአቶ ሻንቆ ጎን ቁጭ አለች። በሩ ወረደና ቀጥ አለ። አቶ ሻንቆ እግራቸው መሬት ሲነካ «ተመስገን» አሉ። አስናቀች ጀርባዋን አቅንታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አቶ ቦልቴን እኩል ለእኩል አየቻቸው።

«ሰጥተናል» አለች። «አሁን ማንም እንዳይነሳ።»

ምርቃት ተቆሞ ነው የሚሰጠው፤ አቶ ቦልቴም ልማዱን አክብረው ሊነሱ ወገባቸውን ሲያነቃንቁ አቶ ሻንቆ እጃቸውን ጭምድድ አድርገው ያዟቸው። ስለዚህ ማክዳ ከመጋረጃው ወጥታ ፊታቸው ተንበረከከች፤ አራቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ማንም ሳይቆም፣ እስኪበቃት ድረስ መረቋት።